የጂም መርፌ ቴስቶስትሮን የሚያመርቱ ሴሎችን ይገድላል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 32 ነው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሲሆን የሲኖትራክ ሹፌር ነኝ። በሰፈራችን ጂም የሚያሠራን ልጅ ሰስታኖን የሚባል መርፌ በየሳምንቱ ለ7 ወር ወጋኝ። ካቆምኩ 2 ወር ሆኖኛል። አሁን የወሲብ ፍላጎቴ ጠፍቷል፣ ይደክመኛል፣ ቆለጤም አንሷል። ከሥራ ስመለስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ላቦራቶሪ ገብቼ ስመረመር ቴስቶስትሮን 140 ነው አሉኝ። የጂሙ ልጅ ‹ቴስቶስትሮን የሚያመርቱት ሴሎችህ ሞተዋል፣ ዕድሜ ልክህን መወጋት አለብህ› ይለኛል። ለቋቁቻ ኬቶኮናዞል ክኒን ወስጄ ነበር። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል፣ ለወገቤ ደግሞ ትራማዶል ለረጅም ጊዜ እየወሰድኩ ነው። ባለቤቴና እኔ ልጅ እንፈልጋለን። የቱ ነው የጎዳኝ? ሴሎቹ ሞተው ከሆነስ ይመለሳሉ?»

ምላሽ፦ ሴሎችዎ የሞቱ አይመስለኝም። ሥራ ፈትተው ነው የሚሆነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ ሕክምናውም የሚወሰነው በዚያ ነው። የጂሙ ልጅ የሰጠዎት ምክር ደግሞ ልጅ ለሚፈልግ ሰው ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ የከፋው ነው።

የምናወራው ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ስለሚያመርቱት፣ የላይዲግ ሴሎች ስለሚባሉት ነው። ፍራንዝ ላይዲግ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1850 ስለገለጻቸው በስሙ ተጠሩ። የሚገኙት በቆለጥ ውስጥ፣ ዘር በሚመረትባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች መካከል ባለው ክፍተት ነው። በወንድ ሰውነት ውስጥ ካለው ቴስቶስትሮን 95 ከመቶ ገደማ የሚሆነውን የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። ጥሬ ዕቃቸው ኮሌስትሮል ነው። ኮሌስትሮሉ ማይቶኮንድሪያ በሚባለው የሴሉ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ አንዱ ኢንዛይም ለሌላው እያቀበለ ደረጃ በደረጃ ወደ ቴስቶስትሮን ይቀየራል። ያመረቱትን አያከማቹም፤ እንደተመረተ ወደ ደም ይለቁታል። በራሳቸው ተነስተው ግን አይሠሩም። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ኤልኤች የሚባል ሆርሞን ስትልክ ይሠራሉ፣ ስታቆም ያቆማሉ። ፒቱታሪን የሚያዛት ደግሞ ከበላይዋ ያለው ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው።

እንግዲህ መድኃኒት ይህን ሰንሰለት የሚነካባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። ከላይ የሚመጣውን ትእዛዝ ሊያቋርጥ ይችላል። በሴሉ ውስጥ ያሉትን ኢንዛይሞች ሊያግድ ይችላል። ሴሉን ራሱን ሊጎዳም ይችላል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሦስተኛውን ነው፤ በተግባር የምናየው ግን በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው። እርስዎ ከጠቀሷቸው አራት መድኃኒቶች ሁለቱ ትእዛዝ ያቋርጣሉ፣ አንዱ ኢንዛይም ያግዳል፣ አንዱ እዚህ ጉዳይ ውስጥ የለበትም።

ከመርፌው እንጀምር። ሰስታኖን ቴስቶስትሮን ራሱ ነው። ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ አንጎል ደም ውስጥ ያለውን መጠን አይቶ «በቂ አለ» ይላል። ኤልኤች መላኩን ያቆማል። ኤፍኤስኤች የሚባለውንም ዘር ለማምረት የሚያስፈልግ ሆርሞን አብሮ ያቆማል። የላይዲግ ሴሎችም ትእዛዝ ስለማይደርሳቸው ይቀንሳሉ፣ ይኮማተራሉ፣ ማምረት ይተዋሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ደም ውስጥ ቴስቶስትሮን ሞልቶ ቆለጥ ውስጥ ግን ድርቅ ሊሆን ይችላል። በጤነኛ ወንድ ቆለጥ ውስጥ ያለው መጠን በደም ውስጥ ካለው ብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ ዘር የሚመረተውም በዚያ ከፍተኛ መጠን ነው። መርፌው ደምን ይሞላል እንጂ ያንን አይተካም። ጡንቻው እየፈረጠመ ዘሩ ወደ ዜሮ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ይህ ግምት አይደለም። ቴስቶስትሮን ለወንዶች የወሊድ መከላከያ ይሆን እንደሆነ ተሞክሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ባስተባበረውና እ.ኤ.አ. በ1990 ውጤቱ በወጣው ጥናት 271 ጤነኛ ወንዶች በሳምንት 200 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን ኢናንቴት ተወጉ። በ6 ወር ውስጥ 157ቱ በዘር ፈሳሻቸው ውስጥ አንድም የዘር ሕዋስ አልተገኘም። የእርስዎ የሰስታኖን መርፌ 250 ሚሊግራም የሚይዘው ከሆነና በየሳምንቱ ከወሰዱት፣ ከዚያ መጠን አያንስም። ልጅ እየፈለጉ 7 ወር ሙሉ የወሊድ መከላከያ ሲወስዱ ከረሙ ማለት ነው።

ቆለጤ አነሰ ስላሉት፦ አብዛኛው የቆለጥ መጠን የላይዲግ ሴል አይደለም። ዘር የሚመረትባቸው ቱቦዎች ናቸው። ዘር ማምረት ሲቆም ቱቦዎቹ ይሟሽሻሉ፣ ቆለጥም ያንሳል። ስለዚህ ማነሱ የቴስቶስትሮን ሴሎችዎ መሞታቸውን አያሳይም። ምርት መቆሙን ነው የሚያሳየው። ምርቱ ሲመለስ መጠኑም ቀስ እያለ ይመለሳል።

ካቆምኩ 2 ወር ሆኖኛል ብለዋል። ሰስታኖን ግን አራት ዓይነት የቴስቶስትሮን ውህዶችን የያዘ ነው። አንዳንዱ በቀናት ይወጣል፣ የመጨረሻው ዴካኖኤት ግን ሳምንታት ይቆያል። በየሳምንቱ ለ7 ወር ሲደራረብ ደግሞ ክምችቱ ከፍ ይላል። አንጎልዎ «የውጭው አለቀ» ብሎ ያወቀው ምናልባት ከወር ወዲህ ነው። አሁን ያሉበት ጊዜ ከሁሉም የሚከፋው ነው። የውጭው አልቋል፣ የራስዎ ገና አልተነሳም። ፍላጎት መጥፋቱ፣ ድካሙ፣ ሆድ መባሱ በዚህ ጊዜ የሚጠበቅ ነው። ብዙ ሰው መርፌውን መልሶ የሚጀምረውም ልክ እዚህ ጋ ነው። ሲወጋ ይሻለዋል። «አየህ፣ ሴሎችህ ሞተው ነበር» ይባላል። ትእዛዙ እንደገና ይቋረጣል፣ ቆጠራውም ከዜሮ ይጀምራል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሰፊ ትንተና በወንዶች የሆርሞን የወሊድ መከላከያ ሙከራዎች የተሳተፉ ሰዎችን መዝገብ አሰባስቦ ተመልክቷል። የዘር ቁጥር በሚሊሊትር 20 ሚሊዮን እስኪደርስ ድረስ ግማሾቹን 3 ወር ተኩል ያህል ፈጅቶባቸዋል። በ6 ወር 67 ከመቶ፣ በ12 ወር 90 ከመቶ፣ በ24 ወር ሁሉም ደርሰዋል። ጥሩ ዜና ነው። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የወሰዱት በሐኪም እጅ፣ በተመጠነ ልክ፣ ጥራቱ የታወቀ መድኃኒት ነው። ጂም ውስጥ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ መጠኑ ከፍ ያለ ነው፣ ከሌላ ስቴሮይድም (የጡንቻ ማሳደጊያ ሆርሞን) ጋር ይደባለቃል። በተለይ «ዴካ» የሚሉት ናንድሮሎን ከሰውነት ለመውጣት እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ አንጎልን ለረጅም ጊዜ አስተኝቶ ያቆያል። ስለዚህ ያን ልጅ አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ብልቃጡ ላይ ምን ይል ነበር? መለያ ያልነበረው ከሆነ ደግሞ ምን እንደወሰዱ እሱም አያውቅም ማለት ነው። ይህንን ሳያፍሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሐኪም መርፌውን ካላወቀ ዝቅተኛ ኤልኤች አይቶ ፒቱታሪ ላይ የበቀለ ዕባጭ ፍለጋ ሊሄድ ይችላል።

ወደ ትራማዶሉ ልምጣ። ከጻፉት ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው፣ እርስዎ ግን በአንድ ሐረግ ነው ያለፉት። ትራማዶል ከሞርፊን ቤተሰብ ነው። የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ለወራት በየቀኑ ሲወሰዱ ሃይፖታላመስን ያፍኑታል። የኤልኤች ትእዛዝ ይዳከማል፣ ቴስቶስትሮንም አብሮ ይወርዳል። መርፌው ያቋረጠውን ትእዛዝ እንዳይነሳ ደግሞ ትራማዶሉ ተጭኖ ሊይዘው ይችላል ማለት ነው። ሌሊት የሚነዱ ሹፌሮች ለወገብ ብለው ጀምረው ለድካም የሚቀጥሉት መድኃኒት እንደሆነም አውቃለሁ፤ እርስዎ የትኛው ላይ እንዳሉ ራስዎ ያውቁታል። ግን ዛሬ አንብበው ነገ እንዳይጥሉት። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ትራማዶል በድንገት ሲቆም ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣትና ከባድ ጭንቀት ያስከትላል። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ያመጣል፤ በመኪና መሪ ላይ ይህ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም። በሐኪም እቅድ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል። ወገብዎም በደንብ ይታይ።

ኬቶኮናዞል የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ከአንጎል ጋር ጉዳይ የለውም። በላይዲግ ሴል ውስጥ ገብቶ ቴስቶስትሮን የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ያግዳል። ይህ ባሕርይው በጣም የታወቀ ከመሆኑ የተነሳ በከፍተኛ መጠን ለፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ይውል ነበር። ሆኖም እገዳው መድኃኒቱ ደም ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ክኒኑ ሲያልቅ ኢንዛይሞቹ ነፃ ይወጣሉ፣ ምርቱም በአጭር ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ ከጨረሱት ከቆዩ የዛሬው ችግርዎ የእሱ አይደለም። ያም ሆኖ ለቋቁቻ ክኒኑን ደግመው አይውሰዱ። ምክንያቴ ሆርሞን ብቻ አይደለም፤ ጉበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የክኒኑን አጠቃቀም ክፉኛ የገደበው፣ የአውሮፓው ደግሞ ክኒኑ ከገበያ እንዲታገድ የመከረው ለዚህ ነው። የሚቀባው ክሬምና ሻምፖው ወደ ደም የሚገባው እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ችግር የለውም። ቋቁቻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሚቀባ ይድናል።

በዚሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳይጠይቁኝ። ለጭርት ወይም ለጥፍር ፈንገስ ግሪሲዮፉልቪን የሚባል ክኒን ፋርማሲ ሊሰጥዎት ይችላል። ይህን የሚወስድ ወንድ በሚወስድበት ጊዜና ከጨረሰ በኋላ ለ6 ወር ልጅ እንዳያስረግዝ ይመከራል። ይህን ማስጠንቀቂያ ፋርማሲ መስኮት ላይ የሚነግርዎት ሰው ብዙም የለም።

ኦሜፕራዞሉን ይተዉት፣ ጥፋተኛ አይደለም። ስሙ ያለበት ሌላ የጨጓራ መድኃኒት ነው፣ ሲሜቲዲን። እሱ ቴስቶስትሮን የሚቀመጥበትን ቦታ ስለሚይዝ ሲቆይ የወንድ ጡት ያሳድጋል።

ሌሎች አንባቢዎችም «የእኔስ መድኃኒት?» ማለታቸው ስለማይቀር በአጭሩ ልለፍ። ለልብና ለጉበት ውሃ መቋጠር የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን ኢንዛይሙንም ያግዳል፣ የሆርሞኑን መቀመጫም ይይዛል። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ትእዛዙንም ሴሉንም ያዳክማሉ፤ ለመወፈር ብሎ ዴክሳሜታሶን የሚውጥ ሰው ይህን ይወቅ። እንደ ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋሉ፣ እሱ ደግሞ ኤልኤችን ያፍናል። አልኮል ሲበዛ ሴሉን በቀጥታ ይመርዛል፤ አረቄም ሆነ ውስኪ ያው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሐኪም ያዘዘልዎት ካለ ግን በራስዎ አያቁሙ። የልብ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በድንገት ማቆም ከቴስቶስትሮን መውረድ በብዙ እጥፍ የከፋ አደጋ አለው። በሌላ ይቀየርልኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ሴሎቹ በእርግጥ የሚሞቱበት ጊዜስ አለ? አለ። በላቦራቶሪ ኢዲኤስ የሚባል ኬሚካል የሰጧቸው አይጦች የላይዲግ ሴሎቻቸው በቀናት ውስጥ ድርግም ብለው ይጠፋሉ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ በቦታው ከቀሩ እናት ሴሎች አዲስ የላይዲግ ሴሎች በሳምንታት ውስጥ ይበቅላሉ። በሰው ላይ ይህ ኬሚካል አይሰጥም። በሰው ላይ ሴሎቹን በእውነት የሚጎዱት ከፍተኛ የጨረር ሕክምና፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች፣ ወደ ቆለጥ የወረደ ጆሮ ደግፍ፣ የቆለጥ መጠምዘዝና ከባድ ምት ናቸው። በካንሰር መድኃኒት ጊዜም ቀድሞ የሚጠቃው ዘር አምራቹ ክፍል ነው፤ የላይዲግ ሴሎች ጠንካሮች ናቸው።

ሞተዋል ወይስ ሥራ ፈትተዋል የሚለውን የሚለየው የደም ምርመራ ነው፣ የጂም ወሬ አይደለም። ቴስቶስትሮን ብቻውን ይህን አይናገርም። አብሮት ኤልኤች መታየት አለበት። ቴስቶስትሮን ዝቅ ብሎ ኤልኤች ከፍ ካለ፣ አንጎል እየጮኸ ሴሎቹ አይሰሙም ማለት ነው፤ ችግሩ ቆለጥ ላይ ነው። ቴስቶስትሮንም ኤልኤችም ዝቅ ካሉ ትእዛዙ ነው የጠፋው። ከታሪክዎ ስነሳ ሁለተኛው ይወጣል ብዬ እጠብቃለሁ። እርስዎ ግን ኤልኤች አልተሠራልዎትም፤ ያለ እሱ «ሞተዋል» ያለው ሰው ከየት አምጥቶ እንዳለው አላውቅም።

የተሰጠዎት 140 የሚለው ቁጥርም ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ዝቅተኛ መሆኑ አይካድም፤ መለኪያው ናኖግራም በዴሲሊትር ከሆነ ብዙ መመሪያዎች መነሻ የሚያደርጉት 300 አካባቢ ነው። ግን ቴስቶስትሮን ጠዋት ከፍ፣ ከሰዓት ዝቅ ይላል። የወጣቶች የምርመራ ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ነው፣ ምግብ ሳይበሉ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት። ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ መሀል ከተማ እስኪደርሱ በትራንስፖርት ሰልፍ 4 ሰዓት ሊያልፍ ስለሚችል እዚያው አካባቢዎ፣ ወይም ቱሉ ዲምቱና ቃሊቲ በኩል ባለ ላቦራቶሪ ደም ይስጡ። ሌሊት ሲነዱ አድረው ግን አይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ አነስተኛ ጥናት ወጣት ወንዶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት 5 ሰዓት ብቻ ሲተኙ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 ከመቶ ወርዷል። ጫት ቅመው ሲነዱ የሚያድሩ ከሆነ እዚህ ጋ ይደምሩት።

የሚያስፈልጉት ምርመራዎች ጠቅላላ ቴስቶስትሮን፣ ኤልኤች፣ ኤፍኤስኤች፣ ፕሮላክቲን፣ የጉበት ምርመራና ሙሉ የደም ቆጠራ ናቸው። ቆጠራው የሚያስፈልገው መርፌው ደም ስለሚያወፍር ነው። የዘር ፈሳሽ ምርመራም ይሠሩ፣ ከግንኙነት ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅበው። አንድ ዘር ተመርቶ እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ የዛሬው ውጤት ዜሮ ቢሆን አይደንግጡ። ዛሬ የሚያዩት ከመርፌው ጋር የነበሩበትን ጊዜ ነው። በ3 ወር ይደገማል።

አማራጮቹ እነዚህ ናቸው። አንዱ መጠበቅ ነው፣ ለብዙ ሰው ይበቃል። ሁለተኛው ኤችሲጂ የሚባል መርፌ ነው። ኤልኤችን መስሎ ሴሎቹን በቀጥታ ስለሚቀሰቅስ ቆለጥ ውስጥ ያለውን ቴስቶስትሮን ያነሳል። ሦስተኛው ክሎሚፊን የሚባል ክኒን ነው፤ አንጎልን አታሎ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች እንዲልክ ያደርጋል። ሁለቱም ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፣ በሆርሞን ሐኪም እጅ ሲሆኑ። ኤችሲጂ ሲበዛ ሴሎቹ ጥሪውን መስማት ይተዋሉ፣ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞንም ከፍ ብሎ ጡት ያበቅላል። የጂሙ ልጅ ነገ «እሺ በቃ፣ ማስነሻ ልስጥህ» ብሎ ከዚያው ቦርሳ ኤችሲጂ ሊያወጣ ይችላል። አይቀበሉት። የ«ቴስቶስትሮን መጨመሪያ» ዱቄትም ገንዘብ ከማውጣት በቀር የተዘጋ ፒቱታሪ አይከፍትም። አብሽ ከወደዱ ይጠጡ፣ ለእሱ አልቃወምም።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ቴስቶስትሮንና ማንኛውንም የጂም መርፌ አይንኩ፣ አንድም ጊዜ። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከላይ ያልኩትን የጠዋት ምርመራ ሁለት ጊዜ ይሥሩ። ውጤቱን ይዘው በጤና ጣቢያዎ ሪፈር አጽፈው ወደ ሆርሞን ሐኪም ይሂዱ። ጥቁር አንበሳ የሆርሞን ክፍል አለው፤ ልጁን በተመለከተ ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። ትራማዶሉን የመቀነስ እቅድ በዚያው ቀን ይጠይቁ። ባለቤትዎም ጎን ለጎን ትመርመር፤ የእርስዎ እስኪስተካከል ስትጠብቅ ዓመት አይባክን። ዘር ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ እርግዝና አይፈጠርም ማለት ደግሞ አይደለም፣ ስለዚህ ግሪሲዮፉልቪን የመሰለ ነገር በዚህ መሀል አይጀምሩ።

ሳይጠብቁ ወዲያው ሐኪም ዘንድ የሚሄዱባቸው ምልክቶችም አሉ፦ በአንዱ ቆለጥ ላይ እብጠት ወይም ጠጣር ነገር፣ የማይለቅ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ ከጡት የሚወጣ ፈሳሽ፣ የአንድ እግር ማበጥ፣ የደረት ሕመም። መርፌ ካቆሙ በኋላ የሚመጣው ድብርትም ቀልድ አይደለም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ለባለቤትዎ ይንገሩና በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

በ3 ወር የሚደገመው ምርመራ ኤልኤች መነሳት መጀመሩን ካሳየ መጠበቁን ይቀጥሉ። በ6 ወርም ካልተነሳ፣ ትራማዶሉም ቆሞ ከሆነ፣ ስለ ክሎሚፊንና ኤችሲጂ እንዲሁም ስለ ፒቱታሪ ኤምአርአይ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር የሚያስፈልገው ያኔ ነው።